ጋዝ ሳይቆይ የሚጠፋበት የመኪና ኤሲ፦ ከመሙላት በፊት የሚሠራ ሥራ

ከድሬዳዋ የጻፉልን አንባቢ የ2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ይነዳሉ። የመኪናቸው ኤሲ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ እንደተሞላለት፣ ሁለቱንም ጊዜ ከወር ተኩል በላይ እንዳላገለገለ፣ አሁን ደግሞ ጭራሹን የሞቀ ንፋስ ብቻ እንደሚሰጥ ገልጸዋል። አንድ ወዳጃቸው ከጅቡቲ ሁለት ጣሳ አር 134ኤ ጋዝና ትንሽ ጌጅ ያለው ቱቦ አምጥቶላቸዋል። «ጋዙን እቤቴ ራሴ መሙላት እችላለሁ ወይ? ስንት ጣሳስ ይበቃል? ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ጎን፣ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ የማየው ቅባት የያዘ አቧራስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የሌሎቹም መልስ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። የኤሲ ጋዝ ሲሠራ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፤ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ክሩስኮቱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ይተንናል፤ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይዞም ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይገባል። መስመሩ ዝግ ነው። የቤትዎ ፍሪጅ አንድም ጊዜ ጋዝ ሳይጨመርለት ዓሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያገለግለው በዚሁ ምክንያት ነው። መኪና የጎማ ቱቦዎች ስላሉትና የኮምፕሬሰሩ ዘንግ በጎማ ማሸጊያ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ በዓመት ጥቂት ግራም ማጣቱ ያለ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ትንሽ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። በወር ተኩል ውስጥ ባዶ የሚቀር መስመር ግን የሚያፈስ ቦታ አለው፤ ቦታው እስካልተገኘ ድረስ የሚሞላው ጋዝ ሁሉ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ሁሉ፣ በዚያው መንገድ ይወጣል።

ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር ዘይት አለ፤ ኮምፕሬሰሩ ብረት ከብረት ሳይፋተግበት የሚሠራው በእሱ ነው። ጋዙ በቀጭን ክፍተት ሲያመልጥ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ይዞ ይወጣል። ጋዙ ወዲያው በንኖ ሲጠፋ ዘይቱ እዚያው ይቀራል፤ የመንገዱም አቧራ በላዩ ይጋገርበታል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ደረቅ አቧራ ለብሶ መጋጠሚያው ብቻ ጠቁሮ ከታየና በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ያዩት ነገር ከችግሩ ጋር በጣም የሚገናኝ ምልክት ነው። ከላይ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ፈስሶበት እንዳይሆን ግን ከመጋጠሚያው በላይ ያለውን ክፍል በደንብ ይመልከቱ።

ምልክቱ ጠንካራ ቢሆንም፣ ኤሲ የማይቀዘቅዝበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ መደምደም የሚገባው ከመለካት በኋላ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት መኪናውን ጥላ ሥር እንዳቆሙ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የመጣልዎትን ጌጅ ይሰኩ። መግቢያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዝቅተኛው ግፊት በወፍራሙ ቱቦ ላይ ያለውና ክዳኑ ላይ ኤል የሚል ፊደል ያለበት ነው። በአር 134ኤ መስመር ላይ የዝቅተኛው መግቢያ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር፣ የከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራው ሰው እንዳይሳሳት ነው፤ ስለዚህ አልገባ ያለውን በጉልበት ወይም በሌላ ማያያዣ ለማስገባት ፈጽሞ አይሞክሩ። በከፍተኛው ግፊት በኩል የተሰካ ጣሳ ሞተሩ ሲሠራ ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ግፊት ወደ ውስጡ ይገባና ሊፈነዳ ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ ጌጁ ወደ 5.8 ባር፣ 30 ዲግሪ ከሆነ ወደ 6.8 ባር ማሳየት አለበት። ዜሮ አካባቢ ከቆመ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የጋዙ ብዛት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። መቶ ግራምም ይኑር አምስት መቶ ግራም፣ የቆመ መኪና ላይ መርፌው የሚያሳየው ያንኑ ቁጥር ነው። ከጣሳ ጋር የሚሸጡ ጌጆች ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም «ሞልቷል» የሚል ቢመስልም ብዛት አይለካም፤ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ንባቡ ከውጭው ሙቀት፣ ከቬንትሌተሩና ከሞተሩ ዙር ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። አረንጓዴውን እያዩ የሞሉ ሰዎች ጋዙን ከመጠን አሳልፈው ለሌላ ብልሽት ሲዳረጉ ሳይ በእውነት ያሳዝነኛል።

ግፊቱ ካለ ችግሩ ጋዝ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ሲከፍቱ ከኮምፕሬሰሩ ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማትና ከፑሊው ፊት ያለው ክብ ሰሌዳ አብሮ መዞር አለበት። ፑሊው እየዞረ ሰሌዳው ከቆመ ክላቹ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩን ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ አልያዘም፤ ፊውዙን፣ ሪሌዩን፣ የሶኬቱን ዝገትና የክላቹን ክፍተት መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ እጅጌዎን ይሰብስቡ፤ ነጠላ፣ ሻሽ ወይም የአንገት ጌጥ ይዘው ወደ ቺንጋው አይጠጉ። ጋዙ ሲያልቅም ክላቹ አይዝም፤ መስመሩ ላይ ያለው የግፊት ስዊች ግፊቱ ወደ 2 ባር ሲወርድ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ያሠራዋል። ዘይቱን የሚያዞረው ጋዙ ስለሆነ ባዶ መስመር ላይ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ያለ ዘይት ይፋተጋል፤ የተፈጨው ብረትም ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ቫልቩ ይበተናል። ያኔ የአንድ ላስቲክ ጉዳይ የነበረው የሙሉ መስመር ወጪ ይሆናል።

እግረ መንገዴን፣ ኤሲዎ በመንገድ ላይ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆሙ የሚሞቅ ከነበረ የራዲያተሩን ቬንትሌተር ይመልከቱ፤ ኤሲው ሲከፈት ሳይቆይ መነሳት አለበት። ኮንደንሰሩ ፊት ላይም ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድ የሚሰበሰበው አቧራና ነፍሳት ንፋስ አያሳልፍም። በቀላል የውሃ ግፊት፣ ቢቻል ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ማጠብ ይበቃል፤ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ቀጫጭኖቹን ክንፎች አጣጥፎ ከአቧራው የባሰ ይዘጋቸዋል። ንፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከእጅ ሣጥኑ ጀርባ ያለውን የአየር ማጣሪያ ያውጡት።

አሁን ወደ ፍለጋው። ግፊት የቀረው መስመር በሳሙና ውሃ ሊፈተሽ ይችላል። የሰሃን ማጠቢያ ሳሙና በጥቂት ውሃ ብቻ አወፍረው በቀለም ብሩሽ ይቀቡት፤ ቀጭን ከሆነ ይወርዳል እንጂ አይይዝም። ያዩትን መጋጠሚያ ከመቀባትዎ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉትና በእጅ መብራት እያዩ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይታገሡ። ትልቅ አረፋ አይጠብቁ፤ በወር ተኩል ባዶ የሚያደርግ ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በቡሎኑ ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም፣ እንደ ነጭ ክር የሚታይ ደቃቅ አረፋ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱንም መግቢያዎች ክዳናቸውን ከፍተው በሳሙና ይሙሏቸው። ውስጣቸው ያለው ትንሽ ባልቦላ ከጎማ ባልቦላ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ነው፤ ጋዝ በተሞላ ቁጥር ይነካካል፤ ሲያረጅም ማፍሰስ ይጀምራል። ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሳለ ሰው ኮምፕሬሰር ከቀየረ በኋላ የሚያስበው ነገር ነው። ቀጥሎ ድንጋይ የሚመታውን የኮንደንሰር የታች ክፍል፣ የጎማ ቱቦው ከብረቱ ጋር የተጨመቀበትን አንገትና የኮምፕሬሰሩን የፊት ዘንግ ይመልከቱ። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ከኢቫፖሬተሩ ላይ የሚወርድ ላብ ስለሆነ ማፍሰስ አይደለም፤ በዚያ ቱቦ አፍ ላይ ቅባት ካገኙ ግን የሚያፈሰው ኢቫፖሬተሩ ሊሆን ይችላል። ያ ክሩስኮት ማውረድ ስለሚጠይቅ ለጋራዥ ይተዉት።

መስመሩ ባዶ ከሆነ ሳሙናው የሚያሳየው ነገር አይኖርም። ያኔ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ነው፤ የፍሪጅና የኤሲ ባለሙያዎች በመቆጣጠሪያ ጌጅ አድርገው ወደ 10 ባር ያህል ይሞሉታል። ለብየዳ የተቀመጠ ኦክስጅን በፍጹም አይሙሉ፤ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ አየርም እርጥበት ይዞ ስለሚገባ አይሆንም።

የሚያፈሰው መጋጠሚያው ሆኖ ከተገኘ፣ ሥራው በእጁ ለሚሠራ ሰው የሚከብድ አይደለም። ከመክፈትዎ በፊት ግን የቀረ ጋዝ ካለ በመሰብሰቢያ ማሽን እንዲወጣ ያድርጉ። አር 134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ስለሆነ ዓይንንና ቆዳን በቅጽበት ያቃጥላል፤ እሳትና የጋለ ብረት ሲነካው መርዛም አሲድ ይሆናል፤ አየር ላይ ቢለቀቅም በመቶ ዓመት ስሌት አንዱ ኪሎ ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚተካከል ሙቀት ያምቃል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ በአቅራቢያዎ ሲጋራም የከሰል ምድጃም አይኑር።

ቡሎኑን በ10 ቁጥር ቁልፍ ከፈቱ በኋላ ቱቦውን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። መጋጠሚያውን የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት፣ አሮጌው ኦሪንግ፣ ክብነቱን አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በጥፍር ሲጫኑት ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ ጥፋተኛውን አግኝተዋል። መቀመጫውን ክር በማይለቅ ጨርቅ ብቻ ያጽዱ፤ ብርጭቆ ወረቀት የሚያስቀረው ጭረት ራሱ ሌላ ቀዳዳ ነው። አዲሱ ኦሪንግ ለአር 134ኤ የተሠራ፣ በልኩ ውፍረትም ሆነ ስፋት ትክክለኛ መሆን አለበት፤ ከውሃ ቧንቧ መደብር የሚገዛው ላስቲክ በኤሲ ዘይት ያብጣል። ግራሶ ሳይሆን የኤሲውን ዘይት ቀባ አድርገው ያስገቡት፤ ቡሎኑን መጀመሪያ በጣት አስይዘው በአጭር ቁልፍ ልከኛ ኃይል ያጥብቁ። አሉሚኒየም ጥርሱ ቶሎ ይበላል። መቀመጫው በዝገት ተቦርቡሮ ካገኙት ግን አዲስ ኦሪንግም አያድነውም፤ ቱቦው ወይም ኮንደንሰሩ መቀየር አለበት። በማጣበቂያ መድፈን አይሠራም፤ ሞተሩ ሲግል በኮንደንሰሩ በኩል ያለው ግፊት ከ15 ባር ያልፋል።

ስለ ማጣበቂያ ካነሣሁ፣ የመጡልዎትን ጣሳዎች መግለጫ በደንብ ያንብቡ። አንዳንዱ ጣሳ ከጋዙ ጋር ማፍሰስ የሚያቆም ኬሚካል ተቀላቅሎበት ይሸጣል። ይህ ኬሚካል እርጥበትና አየር ሲያገኝ የሚጠጥር ስለሆነ ኤክስፓንሽን ቫልቩንም፣ በኋላ ጋዝዎን የሚሰበስበውን የጋራዥ ማሽንም ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ይመልሱት እላለሁ። ምንጩ የማይታወቅ ርካሽ ጋዝም አደገኛ ነው፤ አር 40 የሚባለው ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ አር 134ኤ በዓለም ገበያ ተገኝቶ ያውቃል፤ ይህ ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር እንደነካው የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራል። የማብሰያ ቡታጋዝ በኤሲ መስመር ውስጥ መሙላትም ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሊፈስ የሚችል እሳት ማስቀመጥ ነው።

መስመሩ ተከፍቶ ከቆየ እርጥበት የሚመጠው ድራየር መቀየር አለበት። በኮሮላዎ ድራየሩ ከኮንደንሰሩ ጎን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ኮንደንሰር ከቀየሩ አዲሱ ይዞት ይመጣል። ያኔ ከአሮጌው ጋር የወጣውን ዘይት ለመተካት ወደ 40 ሚሊ ሊትር የኤንዲ 8 ዘይት ይጨመራል። የዘይቱ ዓይነት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሃይብሪድና ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆኑ መኪኖች ኮምፕሬሰራቸው የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን የሚፈልጉትም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሌላ ዘይት ነው፤ ለኮሮላዎ የሚሆነው ዘይት እዚያ ውስጥ ጥቂት እንኳ ቢገባ የመኪናውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ያበላሻል። ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው አንባቢ እየበዛ ነው፤ እነሱ ከዚህ ጽሑፍ ማጽዳቱን ብቻ ይውሰዱ፤ ብርቱካናማ ኬብል ያለበትን ኮምፕሬሰርና ጋዙን ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉ።

ከጥገናው በኋላ፣ ከመሙላቱ በፊት፣ ያለ ቫኪዩም፣ ማለትም መስመሩ ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ሳያወጡ፣ የሚሠራ ሥራ የለም። እኔ እቤት መሙላትን የምፈቅደው ቫኪዩም ፓምፕ፣ ሁለት ጌጅ ያለው ማኒፎልድና ሚዛን ለሚከራይ ወይም ለሚዋስ ሰው ብቻ ነው። ውስጥ የቀረ አየር በኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ስለማይሆን ግፊቱን ያለ ጥቅም ያንረዋል፤ እርጥበቱም ቫልቩ ላይ በረዶ እየሠራ መስመሩን ይዘጋል፣ ዘይቱንም ወደ አሲድ ይለውጣል። ፓምፑ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሥራ። ውሃ በቫኪዩም ውስጥ ፈልቶ የሚወጣው ሙቀት ሲያግዘው ስለሆነ የድሬዳዋ ቀትር ለዚህ ሥራ ከጠዋቱ ይሻላል። ከዚያ ማኒፎልዱን ዘግተው፣ ፓምፑን አጥፍተው 20 ደቂቃ መርፌውን ይጠብቁ፤ ከተመለሰ አሁንም የሚያፈስ ቦታ አለ።

በአገራችን ከፍታ ምክንያት እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መጻሕፍቱ የቫኪዩም ጌጅ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ መድረስ አለበት ይላሉ፤ ያ ግን በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት ያነሰ ነው፤ ጌጁም ከ26 ብዙ አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 22 ከግማሽ አካባቢ ይቆማል። ፓምፑ ደክሟል ብለው ደኅና ፓምፕ የሚጥሉ፣ የማያፈስ መስመርም የሚፈቱ ሰዎች አሉ። ቁጥሩን ከከፍታዎ ጋር ያነጻጽሩት፤ ከሁሉም በላይ የሚታየው መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው።

«ስንት ጣሳ?» ለሚለው መልሱ በጣሳ አይቆጠርም፤ በግራም ነው። ከኮፈኑ ሥር ወይም ከራዲያተሩ በላይ ባለው ብረት ላይ የጋዙን ዓይነትና መጠን የሚናገር መለያ ተለጥፏል። ለትንንሽ አውቶሞቢሎች መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 600 ግራም ባለው ውስጥ ይውላል፤ የእርስዎን መኪና የሚወስነው ግን መለያው ብቻ ነው። ጣሳው 340 ግራም የሚል ከሆነና መለያው 500 ቢል፣ አንዱ ሙሉ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 160 ግራም ማለት ነው፤ ሁለቱንም መጨረስ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ጣሳውን በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁመው፣ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር በጥቂት ጋዝ ገፍተው አስወጥተው፣ ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ከፍተው በዝቅተኛው መግቢያ ቀስ እያሉ ያስገቡ። ጣሳው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተገለበጠ ፈሳሹ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ይገባና ቫልቮቹን ይሰብራል። ሲቀዘቅዝና ሲዘገይ ለብ ባለ፣ እጅ በሚችለው ውሃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይቻላል፤ የፈላ ውሃና እሳት ግን ጣሳውን ያፈነዱታል። ክብደቱ ሲደርስ ንፋሱ የሚፈለገውን ያህል ባይቀዘቅዝም ይዝጉት፤ ሌላ 50 ግራም ቢጨመር ቀዝቃዛ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ብዙ ኮምፕሬሰር ጎድቷል። ከመጠን ያለፈ ጋዝ ፈሳሹ የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሚያጣብብ ሁለቱንም ግፊት ያነሣል፤ ከ31 ባር በላይ ሲደርስም ስዊቹ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል።

ውጤቱን ለመመዘን በሮቹን ከፍተው፣ ንፋሱን በትልቁ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያውን በሙሉ ቅዝቃዜ አድርገው ሞተሩን በ1,500 ዙር ያቆዩት። ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ቶዮታ የሚጠብቀው ንባብ በዝቅተኛው በኩል ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ በከፍተኛው ከ13.7 እስከ 15.7 ባር ነው፤ ጌጅዎ በፒኤስአይ ከሆነ ከ22 እስከ 36ና ከ199 እስከ 228 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ ጎድሏል፤ ሁለቱም ከፍ ካሉ በዝቷል ወይም አየር ገብቷል፣ አለዚያም ኮንደንሰሩ ንፋስ አላገኘም፤ ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ከወረደ ኮምፕሬሰሩ አቅም አጥቷል፤ ያ ደግሞ በጋዝ አይታከምም።

ለጋራዥ ከሰጡት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቫኪዩሙ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ስንት ግራም እንደገባ በሚዛኑ ላይ እንዲያሳዩዎት። ሁለት ጊዜ የተሞላልዎት ያለ ፍተሻ ከሆነ ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሁለቱን መግቢያዎች ክዳን ከነውስጥ ላስቲኩ በእጅ አጥብቀው ይግጠሙ፤ የገባውን ግራምና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ከመለያው አጠገብ ይለጥፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መጋጠሚያና ሁለቱን መግቢያዎች በሳሙና ይቀቡ፤ አካባቢው ደረቅ ከሆነና አረፋ ካልታየ መጋጠሚያው ይዟል። ቅዝቃዜው ቀንሶ እዚያ ላይ ምንም ካላገኙ ግን ቀሪው ጥርጣሬ ኢቫፖሬተሩ ወይም የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ስለሆነ፣ ሌላ ጣሳ ሳይከፍቱ ኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱት።